ሳድስ ላይ የምትቆም ጣት

መጀመሪያ የሄድኩት ለምስክር ወረቀቱ ነው። ከአሁኑ ብናገረው ይሻላል። የግራፊክ ዲዛይን ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ የ2015 ክረምት ገብቶ ነበር። በሰፈራችን የበጎ ፈቃድ ምዝገባ ላይ «ማጠናከሪያ የሚያስተምር የኮሌጅ ተማሪ እንፈልጋለን፤ ሲያልቅ ሰርተፊኬት አለው» ተባለ። ሲቪዬ ላይ አንድ መስመር ይጨምርልኛል ብዬ ተመዘገብኩ። ጓደኞቼ ሒሳብና ፊዚክስ ወሰዱ። እኔና ሒሳብ ከተኳረፍን ቆይተናል፤ ስለዚህ «አማርኛ ንባብ፣ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል» የሚለው ደረሰኝ። ቀላሉን አገኘሁ አልኩ። ፊደል ማስቆጠር ምን ይከብዳል?

ይሄ ጽሑፍ ስለ አንድ ልጅ ነው። በዚያ ክረምት ክፍሌ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ልጆች ነበሩ። ስለ ሁሉም ልጻፍ ብል ስለማንም ሳልጽፍ እቀራለሁ። ልጁን «ሠዓሊው» እለዋለሁ፤ ልጆቹም እንደዚያ ነው የሚጠሩት። አሥር ዓመቱ ነው። ሦስተኛ ክፍልን አልፎ አራተኛ ሊገባ ነበር። እናቱ ጉሊት ይቸረችራሉ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በጾም ጊዜ ደግሞ ጎመን። ልጁን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ሂሳብ አይሸወድም፤ መልስ እንኳን ከኔ ቀድሞ ነው የሚያሰላው። ማንበብ ላይ ግን ምን እንደነካው እንጃ» አሉኝ። ከዚያ ቃሪያቸውን ለጎረቤት ትተው ስለመጡ እየሮጡ ሄዱ።

የምናስተምረው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ነበር። ክፍሉ ቆርቆሮ ክዳን ነው፣ ኮርኒስ የለውም። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ማስተማር ብሎ ነገር የለም። አፌ ይንቀሳቀሳል እንጂ የፊተኛው ወንበር እንኳን አይሰማኝም። እንደዚያ ባለው ቀን «ያሻችሁን ሣሉ» እልና መስኮቱ ጋ እቆማለሁ።

ሠዓሊውን በደንብ ያየሁት በአንዱ የዝናብ ቀን ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ሥሏል። ረዳቱ ግማሽ አካሉ በበሩ ወጥቶ ይጣራል። የኋላው ጎማ ሙሉ ክብ አልነበረም። ጭቃ ውስጥ ስለገባ ከታች ተቆርጧል። እኛ «የምታውቁትን ሳይሆን የምታዩትን ሣሉ» እየተባልን አንድ ሴሚስተር ሙሉ የለፋንበትን ነገር ይሄ ልጅ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ትንሽ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

በታክሲው የኋላ መስታወት ላይ ጽሑፍ አለ። በንጹሕ ፊደል፣ እኩል ተራርቆ፣ «ሁሉም ያልፋል» ይላል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

ሥዕሉን አየ። እኔን አየ። «ጥቅስ ነው» አለኝ።

ታክሲ ላይ ጥቅስ እንደሚለጠፍ ያውቃል፤ ስለዚህ ጥቅሱንም እንደ ጎማው ሣለው። የጻፈው ምን እንደሚል ግን አያውቅም።

በማግስቱ የፊደል ገበታው ፊት አቆምኩት። ከሀ ጀመረ። በዜማ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ እስከ ፐ አንዲት ሳይስት ወረደ። «ጎበዝ!» ብዬ አስጨበጨብኩለት። ከዚያ በእስክሪብቶዬ ጫፍ ም ላይ ነካ አድርጌ «ይቺ ማናት?» አልኩት።

ዝም አለ። ጣቱ ግን ወደ ግራ ሮጠች። መ ላይ ቆመችና «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ… ም!» አለ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው። ሌላ ነካሁ። አሁንም ጣቱ ወደ ረድፉ መነሻ ሮጠች፤ እየቆጠረ መጥቶ ደረሰበት። ቀጥሎ ከገበታው ፈቀቅ አድርጌ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዲት ፊደል ብቻዋን ጻፍኩለት። የሚሮጥበት ረድፍ አጣ። ጣቱ አየር ላይ ቀረች።

«ፊደል አያውቅም» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ግን ያውቃል። ሰፈሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። አንዱን ቤት ብቻውን መንገድ ላይ ብታገኙት ደግሞ የማን ቤት እንደሆነ አያውቅም። ዜማው ስለሸፈነለት ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለውም። ያን ጊዜ ግን እኔም ይሄን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት «ይሄማ የዲዛይን ችግር ነው» ብዬ ነው። ዓይኔ በራ። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀርብ ፕሮጀክት አገኘሁ!

እዚህ ላይ ስለ ትምህርታችን ትንሽ ልበል። ኮሌጅ ውስጥ ሥራ ከመጀመራችን በፊት «ፐርሶና» የሚባል ነገር እንሠራለን። ተጠቃሚው ማነው፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን ይወዳል እያልን አንድ ሰው ፈጥረን ወረቀት ላይ እናስቀምጣለን። እኔም ሠራሁ። «ዕድሜ፦ 9። ደማቅ ቀለም ይወዳል። ጨዋታ ይወዳል። በፍጥነት ይሰለቻል።» ደማቅ ቀለም የማይወድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የት ነው ያለው? ግን ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። አጠገቤ የተቀመጠውን እውነተኛ ልጅ ትቼ የፈጠርኩትን ልጅ ይዤ ሥራ ጀመርኩ።

ሁለት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ አርባ የቃል ካርድ አዘጋጀሁ። ፎንቱን ለመምረጥ ብቻ ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። የመረጥኩት የብራና ጽሑፍ ወዝ ያለው፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚፈራረቅበት ነው። ስክሪን ላይ ልብ ይሰርቃል። የቀለም ማተሚያ ዋጋ ሲነገረኝ ግን ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ ኮፒ በቀለም አሳተምኩና የቀረውን ለልጆቹ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አስደረግኩ። የኮፒ ቤቱ ልጅ «ቶነሩ ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ይደበዝዛል» አለኝ። «ችግር የለም» አልኩ።

ችግሩ ሰኞ ጠዋት መጣ። ካርዱን አንስቼ ለሠዓሊው ሰጠሁት። አፈጠጠበትና «ሰ… ማ። ሰማ» አለ።

«አይደለም። ደህና አድርገህ እየው።»

አየው። «ሰማ።»

«ሸ ናት እኮ! ሸማ!»

ልጁ ካርዱን ወደ ዓይኔ አስጠጋው። ሸ አናቷ ላይ ጭረት የላትም። ቀጭኑን መስመር ኮፒው በልቶታል። የተጻፈው «ሰማ» ነው። ልጁ በትክክል አንብቧል፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያውም ብቻዋን የምትቆም ፊደል የማያውቅ ነው ያልኩት ልጅ፣ ሁለት ፊደል ያለ ረድፍ አንብቦ ነበር። እኔ ደግሞ «አይደለም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ካርድ ስሰጠው ቀድሞ የሚያየው ካርዱን ሳይሆን ፊቴን ነበር። እስከ ዛሬ ከሚቆጩኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

የቀሩትን ካርዶች ማታ ቁጭ ብዬ መረመርኳቸው። ኘ ወደ ነ ተመልሳለች። ዠ ዘ ሆናለች። ከግዕዙ 26 ፊደላት ላይ አማርኛ የጨመራቸው ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ በአብዛኛው የቆሙት አናታቸው ላይ በምትጨመር ትንሽ ምልክት ነው። እሷ ከጠፋች ፊደሉ ወደ እናቱ ይመለሳል። የቤ እና የሜ ቀለበት ደግሞ በተቃራኒው ቀለም ሞልቶት ነጠብጣብ ሆኗል፤ «ቤት» ይሁን «ቢት» አይለይም። «ሽንት» እና «ስንት» ላይ የሆነውን አልጽፈውም፤ ክፍሉ ግን ለሩብ ሰዓት ያህል አልተረጋጋም።

በቲፖግራፊ ክፍል ስለ ፊደል ውፍረትና ቅጥነት፣ ስለ ውስጥ ክፍተት ብዙ ተምረናል። ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ነገር ግን የፊደል ውፍረት ሊያልቅ ከደረሰ ቶነር ጋር ተያይዞ የአንድ ልጅ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል አንድም ጊዜ አላሰብኩም ነበር። የምናየው ሁሉ ስክሪን ላይ ነዋ!

ሁለተኛው ሙከራዬ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የባሰ ብልህ ነበር።

ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ችግር ይታወቃል። 33 እናት ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ይሄ ሁሉ በላቲን መኪና ቁልፎች ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ እናት ፊደሉን ለብቻ፣ የአናባቢውን ምልክት ለብቻ መትቶ ማያያዝ የሚለውን መንገድ ያዙ። ይሄን ክፍል ውስጥ ስንማር ተደንቄ ነበር። አሁን ትዝ አለኝ። ለምን ለልጆቹ አልሠራውም? በወፍራም ወረቀት ላይ ለ፣ በ፣ ሰ፣ ከ ጻፍኩ። በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ የካዕቡን (የሁለተኛውን) ክንድ፣ የሣልሱን (የሦስተኛውን) እግር፣ የኃምሱን (የአምስተኛውን) ቀለበት። ፕላስቲኩን በ ላይ ስታሳርፉት ቡ ይሆናል፣ ከ ላይ ስታሳርፉት ኩ። ልጆቹ ተሻሙበት። እኔም ስልኬን አውጥቼ ለፖርትፎሊዮዬ ፎቶ አነሳሁ።

ከልጆቹ መሀል አንዲት ከኦሮሚያ በዚያው ዓመት የመጣች ልጅ ነበረች። በቁቤ አቀላጥፋ ታነባለች፣ ፊደል ግን አዲስ ነበር። ፕላስቲኩን ስታየው «አሃ፣ አናባቢው ይሄ ነው!» አለች። ቁቤ ላይ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ የቸገራት እሱን መፈለግ ነበር። ለእሷ በአንድ ጠዋት በራላት። ለእሷ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ጎበዝ ዲዛይነር ነበርኩ።

ለሠዓሊው ግን አልሠራም። ሳድስ፣ ማለትም የየረድፉ ስድስተኛ ፊደል፣ የለበትማ። ሳድስን «ለኋላ» ብዬ ትቼዋለሁ፤ በፕላስቲክ አይሆንም። ካዕብ ጥቂቶቹን ካልቆጠርን ሥርዓት አለው፤ ሣልስና ኃምስም እንደዚያው። ሳድስ ግን እንደ ፈቀደው ነው። አንዱ ከጎኑ ጭረት ያወጣል፣ አንዱ አናቱ ይሰበራል፣ አንዱ እግሩ ይጣመማል። ብ፣ ል፣ ም፣ ር፣ ስን ጎን ለጎን አስቀምጡና የጋራ ምልክታቸውን ፈልጉ። እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ለዲዛይኔ ስላልተመቸኝ «ለኋላ» አልኩት።

ሳድስ ለኋላ እንደማይባል የነገረኝ የልጁ ደብተር ሽፋን ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ልመልስለት ስል ሽፋኑ ላይ የታተመውን እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። ጣቱን ጀመረ። «ስ…» ቆመ። ዝቅ አለ። «ክ… ፍ…» ቆመ። ደግሞ ዝቅ አለ። «የ… ት… ም…» ቆመ። እኔም ከእሱ ጋር ሽፋኑ ላይ አፈጠጥኩ። ስም። ክፍል። ትምህርት። ሦስቱም ቃላት ከዳር እስከ ዳር ሳድስ ናቸው። «ትምህርት» አምስት ፊደል አላት፣ አምስቱም ሳድስ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጽፌያታለሁ፤ አንድ ቀን ልብ ብያት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሄድኩበት ማየት ጀመርኩ። ምግብ። ስልክ። ድስት። እግር። እንቅልፍ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አናባቢ የሌለው ድምፅ ሁሉ የሚጻፈው በሳድስ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንገባ የቃላቱ ማገር ሳድስ ነው። ገበታው ላይ ግን ከሰባት አንዱ ብቻ ነው፣ ያውም ከመጨረሻው ቀድሞ የሚመጣው። ሠዓሊው ሀሁን ሲያዜም ልብ ብዬ ሰማሁት። «ሄ» ላይ ትንፋሹ ያልቃል፣ «ህ»ን ውጦ «ሆ» ላይ ያሳርፋል። ከሰባቱ በጣም የሚያስፈልገውን ፊደል ዜማው ይውጥበታል።

ሌላም አለ። ገበታው ላይ «ት» ስንል እ የምትመስል ድምፅ እናስከትላለን። ልጁ እንደተማረው «ትእ-ምእ-ህእ-ርእ-ትእ» ብሎ ያነባል። እያንዳንዷ ትክክል ናት። አንድ ላይ ሆነው ግን «ትምህርት» አይሉም። እሱም ያነበበውን ሰምቶ «ይሄ ምንድነው?» በሚል ዓይን ያየኛል። እንዲህ እያነበበ ምን እንዲገባው ነበር የጠበቅነው?

ማታ እራት ላይ ይሄን ሁሉ ለአባዬ አወራሁለት። አባዬ ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ፊደል የቆጠረው። እስኪጨርስ ጎረሰና «አቡጊዳ አስቆጥረሽዋል?» አለኝ።

«አቡጊዳ ደግሞ ምን ያደርግለታል?»

«ሀሁን በዜማ የማያወርድ ማን አለ! የኔታ እሱን መች አጡት። ሀሁ ስትጨርሺ ደስ ብሎሽ ልትነሺ ስትይ፣ ‹ና እስቲ› ይሉና አቡጊዳ ላይ ያስቀምጡሻል። እዚያ ዜማሽ አይሠራም።»

ተነስቶ ከመደርደሪያው ላይ ድሮ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የገዛውን የፊደል ገበታ አመጣ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ሲያሳትሙት ከኖሩት ዓይነት ነው። አየሁት። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ።» ሁለተኛው ረድፍ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ።» ሦስተኛው «ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ።» እያንዳንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ተነጥሎ ሌላ እናት ፊደል አጠገብ ቆሟል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚለው ቅደም ተከተል እንዳለ ነው፤ ቤተሰቡ ግን በየደረጃው ይቀየራል። ወደ ረድፉ መነሻ ሮጠህ ብትቆጥር አያዋጣህም። ዓይንህ ፊደሉን ራሱን ማየት አለበት።

ዝም ብዬ ቀረሁ። ይሄን ቃል እኮ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፒተር ዳንኤልስ የሚባል የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ ግዕዝ ላሉ አጻጻፎች መጠሪያ ሲፈልግ «አቡጊዳ»ን ከእኛ ወሰደ። ዛሬ የሕንድ ፊደላት ሳይቀሩ በዚህ ስም ይመደባሉ። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ለምን ተብሎ እንደተደረደረ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ሠዓሊው ላይ ያየሁትን ነገር የኔታዎች ከእኔ በፊት አይተውታል፤ አይተውም ገበታ ሠርተውለታል። ማሳያው ያለ ቀለም፣ ያለ ሥዕል፣ በአንድ ወረቀት ነው።

በእርግጥ አቡጊዳ ብቻውን አልበቃም። የኔታ ዘንድ ጊዜ አለ፣ አለንጋም አለ፤ እኔ የቀረኝ የነሐሴ ወር ነበር። አቡጊዳውንም ቢሆን ልጁ በሳምንት ውስጥ በዜማ ሊይዘው ሲሞክር ደረስኩበት። ማዜም የሚችል ልጅ ሁሉንም ዘፈን ያደርገዋል። ስለዚህ ሐሳቡን ወስጄ በየቀኑ ረድፉን እያቀያየርኩ ጻፍኩለት። በማርከር፣ በካርቶን ላይ፣ በእጄ። ፎንት የለ፣ ቀለም የለ። መስመሩ ሁሉ እኩል ወፍራም ነው። ካርቶኑን የሰጠን የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ ጀርባው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አለበት።

ለሳድስ ግን ሌላ በር ያስፈልግ ነበር። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። አንድ ቀን «ከቤት ውጪ የትኛውን ጽሑፍ ታውቃለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ከኪሱ አሥር ብር አወጣ። «ብር» የሚለው ላይ ጣቱን አደረገ። «ይሄን አውቀዋለሁ። ሁሉም ላይ አለ።» የጉሊት ልጅ ነዋ! ብርን እንደ ሥዕል ያውቀዋል። ብ ሳድስ ናት። ር ሳድስ ናት።

ካርቶኑን ቀድጄ «ብር» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። ከጎኑ አንዲት ፊደል ጨመርኩ፦ «ብርድ»። ውጪ እየዘነበ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ከንፈሩን አንቀሳቀሰና «ብር… ድ። ብርድ!» አለ። ተንቀጠቀጠም፣ ለጨዋታ። ከስር «ልብስ» ጻፍኩ። ብ ን ከብር ላይ አወቃት። ል ላይ ቆየ፤ ስ ላይ ቆየ። ከዚያ ሁለቱን አያይዤ አንድ መስመር ላይ አስቀመጥኩለት። ረጅም ዝምታ። ጣቱ ግን ወደ ግራ አልሮጠችም። እዚያው ፊደሉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ብርድ ልብስ!»

ስድስት ሳድስ። ለክፍሉ ሁሉ ጮኾ ነው የተናገረው። ወዲያው ካርቶኑን ገልብጦ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ልጅ ሣለበት፤ አፍንጫውና ዓይኑ ብቻ ይታያል። ከስሩ ራሱ ጻፈበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የካርዶቹ ሥዕል የእሱ ሥራ ሆነ። ድስት፣ ድንች፣ ስልክ፣ ጥርስ። እኔ ፊደሉን እጽፋለሁ፣ እሱ ይሥላል። አንብቦ ካልሆነ መሣል እንደማይችል ግን ተስማምተናል።

የእኔ ሥራ መቁጠር ብቻ ሆነ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በየቀኑ አንድ ገጽ ሲያነብ ጣቱ ስንት ጊዜ ወደ ረድፍ መነሻ እንደሮጠች፣ ወይም የሚሮጥበት አጥታ ስንት ጊዜ አየር ላይ እንደቀረች ምልክት አደርጋለሁ። በየትኛው ፊደል ላይ እንደሆነም እጽፋለሁ። የማግስቱ ካርዶች የሚወለዱት ከዚያ ገጽ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ገጹ ሙሉ ጭረት ነበር። ወሩ ሲጋመስ በአብዛኛው የቀሩት ቅ እና ጥ፣ ን እና እ ነበሩ። ቡሄ ሲደርስ ግን ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ጅራፍና ሆያ ሆዬን የሚያሸንፍ ትምህርት የለም። ሲመለስ ጥቂቱን ረስቶት አገኘሁት። እንደገና ጀመርን።

ስላልተሳካልኝም ልናገር። ከኋላ ወንበር ትቀመጥ የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች። ሠዓሊው ላይ የሠራው ይሠራል ብዬ ያንኑ ካርቶን ሰጠኋት። አላነበበችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሳድስ እያሰብኩ የእሷን ጣት አላየሁም። አንድ ቀን ካርቶኑን አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ ሳያት ነው የነቃሁት። ሰሌዳው አይታያትም ነበር። ለአባቷ ነገርኳቸው፤ ዓይኗን ያስመርምሯት አያስመርምሯት ሳላውቅ ክረምቱ አለቀ። ይሄን ደግሞ የትኛውም ካርድ አይፈታውም።

ትምህርት ሲጀመር ሥራውን ለጁሪ አቀረብኩት። ግድግዳው ላይ የጓደኞቼ ሥራዎች አሉ፦ ሎጎ፣ የቡና ማሸጊያ፣ የሞባይል መተግበሪያ፣ ሁሉም ያብለጨልጫል። የእኔ ግን የሳሙና ካርቶን ነው። አንዱ ፈታኝ «ይሄ ዲዛይን ነው ወይስ የመምህር ማስታወሻ?» አሉኝ። ሌላዋ «ቪዥዋል አይደንቲቲው የታለ?» አሉ። የሰማና የሸማን ነገር ስናገር ሳቁ። የማስታወሻ ደብተሬን ስዘረጋ ግን አንደኛው ፈታኝ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡት። የወጣልኝ ቢ ነው። ኤ ያገኘው ልጅ የሠራው የልጆች ፊደል መማሪያ መተግበሪያ ነበር። ቆንጆ ነው፣ ድምፅም አለው። ነክቼ ሞከርኩት፤ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያለ ያዜማል። «አንድ ልጅ ላይ ሞክረኸዋል?» አልኩት። «ፐርሶና ሠርቻለሁ» አለኝ። ምንም ማለት አልቻልኩም፤ እኔም ከሁለት ወር በፊት እንደዚያው ነበርኩ።

የምስክር ወረቀቱን ጳጉሜን ሳይገባ ሰጡን። ስሜ ተሳስቶ ነው የተጻፈው። አላስቀየርኩትም።

ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። በስድስተኛው ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሠዓሊው እናት ጉሊት ጋ ድንች ልገዛ ሄድኩ። ማለቴ ድንቹ ምክንያት ነው። ሠዓሊው ከሽንኩርቱ አጠገብ ማዳበሪያ ዘርግቶ የእንቁጣጣሽ ሥዕሎቹን ደርድሯል። መልአክ፣ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ አንድ ታክሲም አለበት። ከእያንዳንዱ ግርጌ ጽሑፍ አለ።

«ማን ጻፈልህ?» አልኩት።

«ማንም።»

አነሳሁት። «እንኳን አደረሳቹ» ይላል። ኳን ከየት እንዳመጣት ጠየቅኩት፤ ገበታችን ላይ የለችማ። «ከኳስ» አለኝ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት።

«መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች እኮ» አልኩት።

ጽሑፉን በጣቱ ተከተለ። እንኳን። አደረሳቹ። ጣቱ ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ሰው እንደዚህ አይደል እንዴ የሚለው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሰው የሚለው እንደዚያ ነው። ልጁ የሰማውን ጽፏል። «ሁ ትጨመራለች፤ አደረሳችሁ» አልኩትና እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። ቹን ች አደረጋት፤ ለሁ ግን ቦታ አልነበረም። መልአኩ ክንፍ ላይ አስቀመጣት። ሃያ ብር ከፈልኩ። እናቱ «ከቲቸርህ ትቀበላለህ?» ብለው ተቆጡት፤ እሱ ግን ብሩን አስቀድሞ ኪሱ ከቷል። የቀሩትን ሥዕሎች ያርማቸው እንደሆነ ትንሽ ጠበቅኩ። አላረማቸውም። ደንበኛ መጥቶበት ነበር።